አንበሳና አበባ ያለው የባላባት ልብስ የማን ነው?

በፊልም ወይም ከፊልም በተወሰደ የቲክቶክ ምስል ላይ እንዲህ ያለ ልብስ የለበሰ ባላባት አይተህ ማን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግክ፣ ልብሱ ላይ ያለው አራት ቦታ የተከፈለው አርማ የእንግሊዝ ነገሥታት ነው። ቀይ መደብ ላይ ያሉት ሦስት ወርቃማ አንበሶች የእንግሊዝ ናቸው። ሰማያዊው ላይ ያሉት የሊሊ አበቦች ደግሞ የፈረንሳይ። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ የፈረንሳይ ዘውድ ይገባኛል ብሎ ስለተነሳ በ1340 እ.ኤ.አ. ሁለቱን አንድ ላይ አደረጋቸው። ስለዚህ ታሪኩ ከዚያ ወዲህ ያለ መሆን አለበት።

ሰውየውን ለመለየት፦

1. አበቦቹን ቁጠር። መደቡን ሞልተው ከተበተኑ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሦስት ብቻ ከሆኑ 15ኛው፣ ለምሳሌ ሄንሪ 5ኛ።

2. ከላይ በኩል ሦስት እግር ያለው ነጭ አግድም ጥብጣብ ካለ፣ የንጉሡ የበኩር ልጅ ነው። ከተበተኑ አበቦች ጋር ከሆነ ጥቁሩ ልዑል የሚባለው የኤድዋርድ 3ኛ ልጅ ኤድዋርድ ሳይሆን አይቀርም። የእሱ እውነተኛ ልብስ እስካሁን እንግሊዝ አገር ካንተርበሪ ካቴድራል አለ። ቀይና ሰማያዊ ቬልቬት ነው፣ አንበሶቹና አበቦቹ በወርቅ ክር ተጠልፈውበታል። በጣም ስለደበዘዘ ቀለሙ ከፊልሙ ጋር አይመሳሰልም፣ ግን አቀማመጡን ለማነጻጸር ከእሱ የተሻለ ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ከቲክቶክ የተወሰደ ምስል ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ነው፤ እኔ ሁሌም መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። አንበሶቹ ወደ አንተ ግራ መራመድ አለባቸው፣ ከላይ በግራህ ያለው ክፍልም የአበቦቹ መሆን አለበት። ተቃራኒ ከሆነ መጀመሪያ ምስሉን አዙረው።