ፒሲኦኤስ ከዘር ይመጣል? ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለ ፒሲኦኤስና ስለ ዘር የጠየቃችሁኝን ልመልስ። ፒሲኦኤስ የሴትን ሆርሞን የሚያዛባ፣ ኦቫሪን (እንቁላል የሚያመነጨውን የሴት አካል) የሚነካና የወር አበባን የሚያዛባ ችግር ነው። እኔም እህቴም አብረነው የምንኖር ስለሆንን ብዙ አንብቤበታለሁ።

ጥያቄ፦ የእናቴም የወር አበባ ይዛባ ነበር። ከእሷ ነው የወረስኩት?

ሊሆን ይችላል። በ2006 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ መንታ እህቶች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። አንዷን ይዟት ሌላዋን የሚተወው ለምንድን ነው ለሚለው ልዩነት 70 በመቶ ገደማውን የሚያስረዳው ዘር ነው ይላል። ይህ ማለት ግን እናት ካለባት ልጅን 70 በመቶ ይይዛታል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ደግሞ እናትሽን አትውቀሻት፤ ከአባትሽም በኩል ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአባት እንዴት? ወንድ ኦቫሪ የለው።

ኦቫሪ ባይኖረውም ጂኑን ይሸከማል፣ ለልጁም ያስተላልፋል። በወንዶች ላይ ያለጊዜው መመለጥ ወይም የስኳር በሽታ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የአባታችሁን እህቶችም ጠይቁ። በየቤታችን "መካን ናት" ተብላ አንገቷን ደፍታ የኖረች አክስት አትጠፋም። ምናልባት ችግሯ ይኸው ነበር፤ መርምሮ የነገራት ግን የለም። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ የትኛው ጂን ነው? ተመርምሬ ማወቅ እችላለሁ?

አንድ ጂን ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የቻይና ተመራማሪዎች ሦስት የዘረመል ቦታዎችን ለዩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል። ከሦስቱ አንዱ ዴንድ-ዋን-ኤ የሚባለው ጂን ያለበት ነው። ይህ ጂን ኦቫሪ ውስጥ ያሉ ቴካ የተባሉ ሴሎች አንድሮጅን (በተለምዶ የወንድ ሆርሞን የሚባለውን) እንዲያበዙ ከማድረግ ጋር ተያይዟል። የአገጭ ፀጉሩና ብጉሩ የሚመጣው ከዚሁ ሆርሞን ነው። የእያንዳንዱ ጂን ድርሻ ግን ትንሽ ስለሆነ በጂን ምርመራ ፒሲኦኤስ አለብሽ ማለት አይቻልም። እህቴ፣ ለዚህ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። ሐኪም የሚያየው የወር አበባሽን፣ የአንድሮጅን መጠንሽንና አልትራሳውንድ ነው። የወር አበባን ሊያዛቡ የሚችሉት የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞኖችም መታየት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ከዘር ከሆነ አመጋገብ ማስተካከል ምን ይፈይዳል?

ብዙ ይፈይዳል። ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን ሲበዛ ኦቫሪ አንድሮጅን ያበዛል። ክብደት ያላት ሴት ከክብደቷ 5 በመቶ እንኳ ብትቀንስ የወር አበባዋ ሊስተካከል ይችላል። ፒሲኦኤስ ቀጫጮችንም ይይዛል፤ ስለዚህ "ስለወፈርሽ ነው" የሚላችሁን አትስሙ። ስኳራችሁን ግን ተመርመሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ የወር አበባዋ ይዘላል። ወርሳኝ ይሆን?

ገና ከጀመራት አንድ ሁለት ዓመት ከሆነ መዛባቱ የተለመደ ነው። በዚህ ዕድሜ አልትራሳውንድም ያሳስታል። ቀኑን መዝግቢላት። ሦስት ወር ሙሉ ከቀረባት ሐኪም ጋ ውሰጃት።

ጥያቄ፦ መውለድ እችላለሁ?

አብዛኞቹ ይወልዳሉ። እንቁላል እንዲለቀቅ የሚረዳ ሌትሮዞል የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሐኪምሽን ስለሱ ጠይቂ።