ጥያቄና መልስ፦ ስፖርት ያቆመች ባልንጀራዬን እንዴት ልርዳት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አብራኝ የምትሠራ ባልንጀራ አለችኝ፤ ቢሯችን አራት ኪሎ ነው። ከጥምቀት በኋላ ጂም ተመዝግባ ጠዋት ጠዋት ትሄድ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ተወችው። አሁን «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ትላለች፣ ስመክራት ታኮርፋለች። በጾም ስፖርት መሥራት ነውር አለው? ስግደቱስ አይበቃም? እኔስ ምን ላድርግላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ዋናው የመጨረሻው ጥያቄሽ ነውና ከእሱ ልጀምር። የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል። 38 ዓመት የታመመው ያ ሰው ለጌታ የመለሰው «ሰው የለኝም» ብሎ ነው (ዮሐ. 5፥7)። የቅፍርናሆሙ ሽባ ግን አራት ሰዎች ነበሩት፤ ጣራ ነድለው ከነአልጋው አወረዱት (ማር. 2፥3-4)። አራቱ ሽባውን «በርታ እንጂ!» ሲሉት አናነብም፤ የአልጋውን ጫፍ ጫፍ ያዙ እንጂ። ባልንጀራሽን ያስኮረፋትም ምክሩ በዝቶ ተሸካሚው ስለጠፋ ይመስለኛል።

ጌታ መጻጉዕን አስቀድሞ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ እንደጠየቀው፣ አንቺም ለብቻችሁ ስትሆኑ «መቀጠል ትፈልጊያለሽ? የከበደሽስ ምኑ ነው?» በያት። «አልፈልግም» ካለች ለጊዜው ተያት። «ወፍረሻል»፣ «እከሊት እኮ ቀነሰች» የሚሉት ቃላት ከአፍሽ አይውጡ። በየቀኑ «ዛሬ ሄድሽ?» እያሉ መጠየቅም ከሰንበት ትምህርት ቤት ስም ጥሪ አይለይም፤ የቀረች ዕለት ታፍርና ስልክሽን ማንሳት ትተዋለች። ከዚያ ይልቅ «ሰኞ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ እጠብቅሻለሁ» በያትና በሰዓቱ ተገኚ።

ምን ያህል ትሥራ? እዚህ ላይ ቀኖና የሚሰጥን አስተዋይ የንስሐ አባት አስቢ። ጀማሪን በአንድ ሌሊት 300 ስግደት አያዝዙትም፤ ሁለት ቀን ሞክሮ ንስሐውንም እንደሚተው ያውቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል፤ ይህ ግን መድረሻ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሃያ ሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ይበቃል። ከዚያ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሩ። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ መንገዱ ዝግ ያለ ሽቅብ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል፤ መጀመሪያ ግማሽ መንገድ ደርሳችሁ ተመለሱ። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። የመስቀል አደባባይን ደረጃ መሮጥ ለሁለተኛው ወር ይቆይ። በተለይ ቁልቁል መውረዱ ያልለመደን ጭን ለሁለት ለሦስት ቀን ያሳምማል፤ ብዙ ጀማሪ ያንን ሕመም ጉዳት መስሎት ይቀራል።

አሁን ጾሙ። ነውር የለውም። ሐዋርያው ሥጋን ማስለመድ «ለጥቂት ይጠቅማል» አለ እንጂ (1ኛ ጢሞ. 4፥8) አይጠቅምም አላለም። የባልንጀራሽ ችግር ሰዓቱ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ላቧን አፍስሳ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ ከዋለች ራስ ምታቱና ማዞሩ አይቀርላትም፤ ከዚያ «ሰነፍ ነኝ» ብላ ትደመድማለች። በ9 ሰዓት ጾሟን ፈትታ፣ ቀለል ያለ በልታ፣ ውኃ ደጋግማ ጠጥታ፣ በ11 ሰዓት ተኩል ከሥራ ስትወጡ መሄድ ነው። ማዕዱ ላይ ምስር ወይም ሽሮ፣ ጎመን ከሎሚ ጋር ይኑር፤ ሎሚው በጎመኑ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ሻይና ቡናው ስለሚያግደው አንድ ሰዓት ያህል ይዘግይ። «ጾሜም አልቀነስኩም» የምትል ከሆነ ደግሞ የፓስቲውንና የሳምቡሳውን ዘይት ተመልከቱ፤ ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት ብቻ ምግብ አይቀልም።

ስግደት አምልኮና ንስሐ ነው። ሰውነትን ማፍታታቱ እሙን ነው፤ ግን ለወገብ ብሎ የሚቆጥር ሰው ጸሎቱንም ስፖርቱንም ያጣል። ደግሞም የንስሐ ስግደት በሰንበታት፣ በጌታ በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትና በቆረቡበት ዕለት አይሰገድም። እንዲህ ያለ የስፖርት ፕሮግራም የት አለ? ሁለቱን ለያይቶ መያዝ ነው። እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ነው፤ መራመድ ካማራችሁ ከሰዓት በኋላ ሂዱ።

ሚዛን ላይ በየቀኑ አትውጣ። በውኃና በጨው ብቻ ክብደት ከቀን ቀን አንድ ኪሎና ከዚያም በላይ ይዋዥቃል፤ የፋሲካ ማግስትማ ባታየው ይሻላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ይበቃል። ከዚያ ይልቅ ስድስት ኪሎ ስትደርስ ስንት ጊዜ ለማረፍ እንደቆመች ቁጠሩ፤ ይህ ከኪሎው ቀድሞ ይለወጣል።

መቅረቷ አይቀርም፦ ሐዘን፣ ማኅበር፣ የወር አበባ፣ ዝናብ አለ። አንድ ቀን ከቀረች በሚቀጥለው ቀን እጥፍ አትሥራ። ሁለት ሳምንት ከቀረች ካቆመችበት ሳይሆን ከግማሹ ትጀምር።

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ ስለ ጾሙም ለንስሐ አባቷ ትንገር፣ እንደ ሕመሟ ያቀልሉላታል። ስትሄድ ደረቷን ከጨመቃት ወይም ራሷን ልትስት ከሆነ ወዲያው ቁሙና ወደ ሕክምና ውሰጃት። እንቅልፍና ምግብ እንቢ ብሏት፣ ቤተ ክርስቲያን መሄዱም ቤተሰቡም ካስጠላት፣ ይህም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ነገሩ የስፖርት አይደለም። ሐኪም ቤትም ጠበልም አብረሻት ሂጂ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።