ሮቦት ለምትስሉ ልጆች፦ ሳቅን አትናቁ

ልጆቼ፣ ሥራችሁን ስታሳዩኝ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን በሙሉ ስስልና ስዕል ሳስተምር ኖሬያለሁ። እናንተ ዛሬ በአንድ ላፕቶፕ የምትሠሩትን አኒሜሽን ማየት አሁንም ያስደንቀኛል። መስመራችሁ ጥሩ ነው፤ ብርሃንና ጥላውንም ታውቁበታላችሁ። ግን ሮቦቶቻችሁ ሁሉ ተቆጥተዋል። ከተማው ፈርሷል፣ ሰማዩ ጨልሟል፣ ጀግናው ፊቱን አኮሳትሯል። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ቁም ነገር ያለው ሥራ ፈልጌ ነው» ትሉኛላችሁ። የሚያስቅ ነገር ለሕፃናት ብቻ ነው፣ ለመሥራትም ይቀላል ብላችሁ ታስባላችሁ። በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን በአንድ የቆየ ሥራ ላስረዳ።

ማሺን ኤይዩዴን ዋታሩ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1988 እስከ ማርች 1989 በጃፓን ኒፖን ቲቪ የታየ 45 ክፍል ያለው አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን ነው። የሠራው ሰንራይዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ጋንዳም የተባለውን የሮቦት አኒሜ ያወጣው ስቱዲዮ። ጋንዳም ውስጥ ሮቦት የጦር መሣሪያ ነው። ሰው ይሞታል፣ ቤተሰብ ይበተናል፣ ሮቦቱን የሚነዳው ልጅ ጦርነቱ ያደቀዋል። ስለ ጦርነት እንዲህ አድርጎ መናገር የቻለ ስቱዲዮ ነው እንግዲህ ቁመቱ የራሱን ጭንቅላት ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ የሆነ፣ እግረ አጭር ሮቦት ይዞ የመጣው። አቅም አንሶት አይደለም፣ መርጦ ነው።

ዋታሩ የ9 ዓመት ልጅ ነው። ትምህርት ቤት በሥዕል ክፍለ ጊዜ ከጭቃ አንድ ሮቦት ይሠራና ሪዩጂንማሩ ይለዋል። ከዚያ ወደ ሌላ ዓለም ይጠራል። እዚያ ሶካይዛን የሚባል ሰባት እርከን ያለው ተራራ አለ። ዶአክዳር የተባለ ክፉ ገዢ ይዞታል፤ ቀስተ ደመናውም ቀለሙን አጥቷል። ልጁ አንድ እርከን ነፃ ባወጣ ቁጥር አንድ ቀለም ይመለሳል። ያኔ የጃፓን ልጆች በድራጎን ክዌስት ጌም ተጠምደው ነበር፤ የተራራው አወጣጥም የጌም ጣዕም አለው።

ጭቃው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን ማዚንገር ዜድ የተባለውን የሮቦት አኒሜ ተመልከቱ፤ ሮቦቱን የሠራው የጀግናው አያት ነው። ጋንዳምን የሠራው ደግሞ የዚያ ታሪክ ጀግና አባት ነው። ትልልቆቹ ሠርተው ለልጁ ያስረክባሉ። እዚህ ግን ሠሪው ልጁ ራሱ ነው፣ ያውም በጭቃ። ሰይፉን አንስቶ ስሙን ሲጠራው ያ ጭቃ ነፍስ ዘርቶ ይመጣል፣ ይናገራል፣ ይዋጋል። በእጁ ነገር ሠርቶ «ምነው እውነት በሆነ» ያላለ ሕፃን የለም። እንዲህ ያለ ሐሳብ በቀልድ መልክ ስለመጣ ጥልቀቱ አይቀንስም።

አሁን ወደ ቀልዱ ልምጣ። ሺባራኩ የሚባል ወፍራም ሳሙራይ አለ። ሮቦቱን የሚጠራው በምን መሰላችሁ? በሕዝብ ስልክ! ጠላት ፊቱ ቆሞ እሱ ስልክ ይደውላል። ይህ የሚያስቀው ሺባራኩ ራሱ ቀልድ እየሠራ እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። ለእሱ ትክክለኛው መንገድ ያ ነው፣ ደግሞም በዚያው ይጸናል። የእናንተ አስቂኝ ገጸ ባሕርያት ብዙ ጊዜ ተመልካቹን እያዩ ይጠቅሳሉ፣ «ይሄ ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ» የሚሉ ይመስላሉ። አታድርጉት። ሠሪው የናቀውን ታሪክ ተመልካቹም ይንቀዋል። ዋታሩን የሠሩት ሰዎች ሮቦት ይወዳሉ። ሪዩጂንማሩ ሲመጣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ያ አጭር ሮቦት በእውነት ግርማ ሞገስ አለው።

ቶራኦን ደግሞ እዩት። የዶአክዳር ልጅ ሆኖ ያደገ ነው፤ ከዋታሩ ጋር ግን ጓደኛ ይሆናል። በኋላ ፊት ለፊት መዋጋት ይመጣል። ያ ውጊያ የሚያመን ሁለቱን ልጆች ሲጫወቱ ስላየናቸው ነው። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ተኮሳትረው ቢሆን ኖሮ ምን ይሰማን ነበር? ኀዘን ልብ ውስጥ እንዲገባ መጀመሪያ ልብ መከፈት አለበት። ሳቅ ይከፍተዋል። ለዚህ ነው ያለ ሳቅ የተሠሩት ጨለማ ፊልሞቻችሁ እኔን የማይነኩኝ። በጎበዝ እጅ ተስለው እንኳ።

ድምፁም ላይ ይኸው ነው። ሁልጊዜ የምትፈነድቀውን ትንሿን ኒንጃ ሂሚኮን የተናገረችው ሜጉሚ ሃያሺባራ ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢቫንጀሊየን በተባለው የሮቦት አኒሜ ላይ ያችን ዝምተኛ ልጅ ሬይን የተናገረችውም እሷው ናት። ዋታሩን የተናገረችው ማዩሚ ታናካ ደግሞ ዛሬ የምትወዱት የዋን ፒስ አኒሜው ጀግና የሉፊ ድምፅ ናት። ማሳቅ የቻለ ባለሙያ ዝምታንም ይችልበታል። የተገላቢጦሹ እውነት ስለመሆኑ ግን ብዙም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ማኮሳተር ብቻ የሚችል ተዋናይ ሲያስቅ አላየሁም።

ስለ አሠራሩም ልንገራችሁ፣ ጊዜና ገንዘብ ያንሰናል ስለምትሉ። ያኔ ሥዕሉ ወረቀት ላይ ተሠርቶ ወደ ግልጽ ስስ ፕላስቲክ ይገለበጥ ነበር። ከጀርባው በእጅ ይቀባል፣ አንድ በአንድ በካሜራ ይነሣል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው፤ ጃፓኖች ግን ለቲቪ ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም ያቆዩታል። በሰከንድ ስምንት ሥዕል ማለት ነው። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ አለባቸው። ስለዚህ ሮቦቱ የሚጠራበትን ትዕይንት አንድ ጊዜ አሳምረው ይሠሩትና በየክፍሉ ደግመው ይጠቀሙበታል። ልጆቹ በመደጋገሙ አይሰለቹም፤ እንዲያውም ያችን ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ አብረው ይጮኻሉ። ችግሩ ራሱ የታሪኩ ድምቀት ሆነ። እናንተ ግን ጉልበታችሁን ለሁሉም ትዕይንት እኩል ታካፍሉና ሁሉም መካከለኛ ይሆንባችኋል።

እስቲ የሚቀጥለውን እንዲህ ሞክሩት። ሁለት ጭንቅላት የሚያህል ሮቦት ሳሉ። ማን እንደሠራውና በምን እንደሚጠራ ወስኑ፤ መጠሪያው ያስቅ፣ የሚጠራው ሰው ግን ከልቡ ይጥራው። ከጊዜያችሁ ግማሹን ለዚያች አንድ ትዕይንት ስጡ። ከዚያ ለአንድ የሰፈር ሕፃን አሳዩት። ስክሪኑን ትታችሁ ፊቱን እዩ፣ የሳቀበትን ጻፉ፣ ያልሳቀበትን ቁረጡ። የተቆረጠውን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።