ውርጭ ሲገባ የጓሮ ወፎች ምን ይፈልጋሉ? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ጓሮዬ ላይ ዳቦና የተረፈ እንጀራ እበትናለሁ። የሚመጡት ግን እርግብና ቁራ ናቸው፤ ማታ ደግሞ አይጥ። ትንንሾቹ ወፎች እንዲመጡ ምን ላድርግ? (ከኮተቤ)

መልስ፦ ዳቦውን ይተዉትና ውሃ ያስቀምጡ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ወፎቹን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው ግን ድርቁ ነው። ሣሩ ዘር ስለያዘ ጥሬ ለቃሚው ወፍ የሚበላው አያጣም። ደረቅ ጥሬ የበላ ወፍ ግን ውሃ ይሻል፤ ዝናቡ ደግሞ ቆሟል።

ዕቃው ዝርግ ይሁን። ከአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው የሸክላ ሳህን ለዚህ እንደ እሱ ያለ የለም፤ ጠርዙ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር፣ መሃሉ ላይ ቢበዛ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። የፕላስቲክ ሳፋ ጎኑ ቀጥ ያለና የሚያዳልጥ ስለሆነ ትንሽ ወፍ ከገባችበት መውጣት ያቅታትና ትሰምጣለች። ሌላ ከሌለዎት ከውሃው በላይ ብቅ የሚል ሻካራ ድንጋይ ያስቀምጡበት። ቦታው ከቁጥቋጦ 2 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከቀረበ ድመት ታደባለች፣ በጣም ከራቀ ደግሞ ጭልፊት ሲያንዣብብ መሸሸጊያ ያጣሉ። ውሃውን በየጠዋቱ ደፍተው ይቀይሩ። ኩሱ ይጠራል፤ የቢምቢ እጭም ክንፍ ሳያወጣ ይደፋል።

ጥሬ መስጠት ከፈለጉ አንድ እፍኝ ዳጉሳ ወይም ማሽላ ጠዋት ይበትኑ፤ እስከ ረፋዱ ካላለቀ በማግስቱ ይቀንሱ። አይጡን የጠራው ሳይበላ ያደረው ነው። የአይጥ መርዝ ግን እባክዎ አያስቀምጡ፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላ ጉጉት አብሮ ይሞታል። ለዘር የተዘጋጀ፣ ቀለም የተቀባ እህልም ፈጽሞ አይስጡ፤ ቀለሙ መድኃኒት የተቀባ መሆኑን ማሳወቂያ ነው። ወጥ የነካው እንጀራ የሚጎዳቸው በጨዉ ነው። በርበሬው እንኳ አያቃጥላቸውም፤ ወፎች እንደ እኛ የበርበሬን ማቃጠል አይሰማቸውም።

ጥያቄ፦ ውሃው ጠዋት በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ጨው ልጨምርበት? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይጨምሩ። ማታ ሳህኑን ደፍተው ገልብጠው ያሳድሩት፤ ሸክላውም አይሰነጠቅም። ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ይሙሉበት። የመኪና ፀረ በረዶ ፈሳሽ ደግሞ ገዳይ መርዝ ነው፤ አጠገቡ እንዳይደርስ።

ጥያቄ፦ እሬቱ ሲያብብ ጅራቱ ረጅም፣ ምንቃሩ ቆልመም ያለ ጥቁር ወፍ ይመጣል። ምንድን ነው? ስኳር በውሃ በጥብጬ ብሰጠው ይጎዳዋል? (ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ጥቁር የመሰለዎት ብርሃኑን ተቃርነው ስላዩት ነው። ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይዩት። ራሱ ነሐስ የመሰለ አረንጓዴ፣ አካሉ ሐምራዊ ሆኖ ካንጸባረቀ አበባ ቀሳሚው የተከዜ ወፍ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም የተከዜን ወንዝ ስም ይዟል። አብራው የምትመጣው ግራጫ ሴቷ ናት፤ ጅራቷ አጠር ይላል።

ስኳሩ በልኩ ከሆነ አይጎዳውም። በ1 ሲኒ ነጭ ስኳር 4 ሲኒ ውሃ፤ ማርም ሆነ ቀለም አይግባበት። ማር ቶሎ ሻጋታ ያበቅላል። ይህ ወፍ መጥባት የሚመርጠው ቆሞ ስለሆነ ከመጥቢያው ቀዳዳ በታች ቀጭን ዘንግ ይሰኩለት። በየ2 ቀኑ ፈሳሹን ደፍተው ዕቃውን በሙቅ ውሃ ይጠቡ፤ ከደፈረሰ ግን ቦክቷልና ቀን አይቁጠሩ። ጉንዳን ካስቸገረ ማንጠልጠያው ሽቦ ውሃ በሞላ ክዳን መሃል እንዲያልፍ ያድርጉ። ዘይት ግን አይቀቡ፤ ላባው ላይ ይጣበቃል።

ያም ሆኖ ከስኳሩ ይልቅ ተክሉን እንመርጣለን። እሬት፣ ራስ ክምርና ኮርች ላይ ወፉ ከአበባው ማር ጋር ትንንሽ ነፍሳትንም ያገኛል። ጫጩቱ የሚያድገው በነፍሳቱ ነው፤ ስኳር ይህን አይተካም።

ጥያቄ፦ እዚህ ለወፍ ምግብ ተብሎ የሚሸጠው «ናይጀር» ኑግ መስሎኝ ነበር። ልክ ነኝ? ደግሞስ በጋውን ሲመጡ የነበሩት ቢጫ ወፎች የት ሄዱ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ልክ ነዎት፤ የራሳችን ኑግ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከህንድና ከምያንማር ይገባል፤ እንዳይበቅል በሙቀት ታክሞ ነው የሚሸጠው። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ በተለመደው መመገቢያ ይንጠባጠባል፤ ቀጭን ስንጥቅ ያለው ቱቦ ወይም ጥቅጥቅ ያለ መረብ ያስፈልገዋል። ዘይታም ስለሆነ ቶሎ ይሸታል፤ በአንድ ወር የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይግዙ። ወፎቹ ድንገት ከተዉት ጥቂት ፍሬ በወረቀት ላይ በጥፍርዎ ይጨፍልቁ። የዘይት ምልክት ካልተወ ደርቋልና ይጣሉት። ዝናብ ነክቶት ከተጋገረም እንዲሁ። በየ2 ሳምንቱ መመገቢያውን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ይጠቡ፣ ያለቅልቁ፣ ፈጽሞ ሳይደርቅ አይሙሉት። ዓይኗ ያበጠ ወፍ ካዩ ዕቃውን አውርደው ለጥቂት ሳምንታት ያቆዩ፤ በሽታው መመገቢያው ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ቢጫዎቹ የትም አልሄዱ ይሆናል። ኑግ ወዳዱ ይህ ወፍ በመከር ላባውን ይቀይርና አመድማ ቡኒ ይሆናል። ጥቁር ክንፉ ላይ ያለውን ነጣ ያለ መስመር ይፈልጉ፤ እሱ አይጠፋም። እኛም አገር በመስቀል ሰሞን ሜዳ ላይ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ለብሰው የሚታዩት ወንድ ወፎች በበጋው እንደ ድንቢጥ ቡኒ ሆነው ከመንጋው ጋር ይቀላቀላሉና ብዙ ሰው የተሰደዱ ይመስለዋል። የእርስዎዎቹ ፀደይ ሲገባ እዚያው መመገቢያው ላይ እያሉ ቢጫው ጥቂት በጥቂት ብቅ ሲልባቸው ያያሉ።