ሽማግሌዎቹ «ፈርሚ» ላሉሽ የኮምቦልቻዋ እህት

ጥያቄሽን ትናንት ማታ ልጆቼን አስተኝቼ አነበብኩት። ባልሽ እንደሚመታሽ፣ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች እንዳሉሽ ጽፈሻል። ሽማግሌዎቹ «ልጆቹ ለጊዜው አባታቸው ጋ ይቆዩ፣ አንቺ እናትሽ ጋ ሂጂ፣ ነገሩ ይብረድ» የሚል ወረቀት ሐሙስ ሊያስፈርሙሽ ነው። ብፈርም ልጆቼን አጣለሁ ወይ ነው ያልሽው።

እንዳትፈርሚ። ሌላውን ባታነቢ እንኳ ይቺን ያዥልኝ።

እኔ ፈርሜያለሁ። ደሴ ነው የምኖረው። ከፈረምኩ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ልጆቼን የማያቸው እሁድ እሁድ ብቻ፣ ያውም አማቴ ደጅ ቆሜ ነበር። አንቺ እዚያ እንዳትደርሺ በተራ ቁጥር ልንገርሽ።

1. ወረቀቱ። ሐይቅ እናቴ ቤት ነበርኩ። በአራተኛው ቀን መጡ። አጎቴ፣ የሰፈራችን ሼህ፣ አንድ ቄስና የባሌ አባት ጓደኛ። ወሎ ነውና ሼሁም ቄሱም አብረው ነው የሚያስታርቁት። ቡና ተፈላ፣ ተመረቀ። ቶናው ሳይወርድ ወረቀቱ ከአጎቴ ኪስ ወጣ። ከደብተር የተገነጠለ፣ ባለ አራት ማዕዘን መስመር፣ አራት ቦታ የታጠፈ። ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። «በመካከላቸው በተፈጠረው አለመግባባት» ይላል። ዱላ የሚል ቃል የለበትም። የግራ ዓይኔ አብጦ በአንድ ዓይኔ ነው አንብቤ የፈረምኩት። እነሱ ግን «አለመግባባት» ብለው ጻፉት።

ከሁለት ወር በኋላ የፍቺ ክስ ሳቀርብ ያቺው ወረቀት ማስረጃ ሆና መጣች። «በፈቃዷ ቤቷን ትታ ወጥታለች፣ ልጆቹንም በስምምነት ለአባታቸው ሰጥታለች» ተባለ። ዳኛዋ አሳየችኝና «ፊርማው ያንቺ ነው?» አለችኝ። ነው አልኩ። ምን ልበል? ልጆቹ ባሉበት እንዲቆዩ ጊዜያዊ ትእዛዝ ተሰጠ።

ሽምግልናን አልጠላም። ደም ያደረቁ፣ ስንት ቤት ያቆሙ ሽማግሌዎች አሉን። ነገር ግን ልጅ ማን ጋ ይደግ የሚለው በቡና ላይ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። እሱን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። «ፍርድ ቤት የሚለውን እቀበላለሁ» በያቸው። ድፍረት አይደለም። ቢቆጡም ይቆጡ።

2. ሐኪም ቤት የዚያኑ ቀን። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ። አርብ ማታ ተመታሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን አማቴ ጋ ትቼ ፖሊስ ጋ ሄድኩ። ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሰው ከስልኩ ቀና ሳይል «ባልሽ አይደል? ቡና አፍሉና ታረቁ» አለኝ። ሁለት ሰው ተሰልፏል፣ ሰው እየሰማ ነው። አፈርኩና ወጣሁ። ያ ማፈር ነው ያስከፈለኝ። እሁድ ብቻዬን ሐይቅ ሄድኩ። በ12ኛው ቀን እንደገና ስሄድ ሌላ ፖሊስ፣ ሴት፣ ወዲያው ለሐኪም ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ግን ዓይኔ ድኗል። ሐኪሙ «የሚታይ ጉዳት የለም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፣ እሱን አልወቅሰውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያገኝሽ ሰው ቢመልስሽ ከደጁ እንዳትወጪ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየው ክፍል የት ነው በይ። ቃልሽ ይመዝገብ፣ ቀኑን ራስሽ ጻፊ። ሚስትን መምታት ወንጀል ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት በግልጽ ይናገራል። እኔ አንቀጹን ቁጥሩን ሳይቀር ሸምድጄ ነው የተመለስኩት። ቁጥሩን ስጠራላቸው አነጋገራቸው ተለወጠ።

3. ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። የልደት ወረቀታቸውን፣ የክትባት ካርዳቸውን፣ የትምህርት ቤት ውጤታቸውንም ያዢ። እኔ ልጆቼን አማቴ ጋ የተውኩት «ሳምንት ሳይሞላ እመለሳለሁ» ብዬ ነው። ደግሞም ትንሹ ገና 3 ዓመቱ ስለነበር ልቤ አልፈራም። ጎረቤት ሁሉ «ከአምስት ዓመት በታች ለእናት ነው» ይል የለ? እሱ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አሁን የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ የልጁን ደኅንነት ያስቀድማል። ያንቺ ትንሹ 4 ዓመቱ ነውና አንቺም በዚሁ ተማምነሽ ይሆናል። አትተማመኚ።

ክስ ስታስገቢ ፍቺውን ብቻ አትጠይቂ። ልጆቹ እስኪወሰን አንቺ ጋ እንዲቆዩና ቀለብ እንዲቆረጥ ጊዜያዊ ትእዛዝ በዚያው ማመልከቻ ላይ ይግባ። እኔ የከፈልኩት ማመልከቻ ጸሐፊ ይህን አላስገባውም። ገንዘብ ከሌለሽ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አምጥተሽ ያለ ዳኝነት ክፍያ መክሰስ ይቻላል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። እኔን ያዳነኝ እንደዚያ ያለ ማዕከል ውስጥ ያለ ወጣት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት መዝገብ ቁጥር 23632 አምጥቶ አነበበልኝ። ወላጅ አባት እንኳ ልጁን ካሳደገችው አክስት ሊወስድ ያልቻለበት ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም የልጅ ጥቅም ይቀድማል። «እሱ ጨካኝ ነው ማለቱን ተይው፣ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ አሳዪ» አለኝ።

እንደዚያ አደረግኩ። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከደሴ ሚሌ፣ ከሚሌ ጅቡቲ ሲል በወር ሃያ ቀን ቤት የለም። ያንቺም ባል መንገድ የሚውል ሰው ከሆነ ይህን አንሺ። ልጆቼን የሚያሳድገው አባታቸው ሳይሆን ጉልበቷ የደከመ አማቴ ነበረች። የሴት ልጄን አስተማሪ ምስክር ጠራሁ። ልብስ ስፌቴን በንግድ ፈቃድ አስመዘገብኩ፣ ቤት ተከራየሁ፣ ውሉን አስገባሁ። ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት መጥተው ሁለቱንም ቤት አይተው ጻፉ።

ልጄን ዳኛዋ ቢሮዋ አስገብታ ብቻዋን አነጋገረቻት። ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም፣ አንቺም እንዳትጠይቂ፣ አስቀድመሽም አታስጠኚ። ስትወጣ ዳኛዋ የሰጠቻትን እስክሪብቶ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። እስከ ቤት አልለቀቀችውም።

ኒካህ አስራችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ባልሽ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊወስድሽ ይችላል። እዚያ የሚታየው ሁለታችሁም ስትፈቅዱ ብቻ ነው። ፈቃድሽን ሲጠይቁሽ በደንብ አስበሽ መልሺ። አንዴ ከፈቀድሽ በኋላ ይቅርብኝ ማለት ከባድ ነው።

ተፈረደልኝ። ሁለቱም ልጆቼ እኔ ጋ ናቸው፣ አባታቸውም ይጠይቃቸዋል፣ አልከለከልኩትም። ቀለቡን ሦስት ወር ከፍሎ አቆመ። ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የአፈጻጸም መዝገብ አስከፈትኩ፣ አሁን አሠሪው ከደመወዙ ቆርጦ ይልካል። ቢፈረድብሽ ደግሞ ይግባኝ አለ፣ ስልሳ ቀን ነው፣ እንዳያልፍሽ።

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ነው የሚመጡት ብለሻል። ረቡዕ ጠዋት ማመልከቻሽን አስገቢ። ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፣ ደውይልኝና እመጣለሁ። ገብተሽ እስክትወጪ ከችሎቱ በር ላይ ልጆችሽን ይዤ እጠብቅሻለሁ።