ላብ ስብ አይደለም፦ ስለ ቅይጥ ማርሻል አርት ሙያ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በገባሁት ቃል መሠረት ስለ ፕሮፌሽናል ተፋላሚ ሕይወት ለምትጠይቁኝ ዛሬ እመልሳለሁ። ደሴ ላይ ወጣቶችን ሳሠለጥን እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር የክብደት አቀናነስ ስለሆነ፣ በእሱ ላይ ብቆይ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ 76 ኪሎ እመዝናለሁ። በ70 ኪሎው ክፍል ለመጋጠም ስድስቱን ኪሎ በሦስት ቀን በላብ ማውረድ ይቻላልን?

መልስ፦ የሚወርደው ውሃ ነው፤ ላብ ስብ አይደለም። አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ስለሆነ፣ ስድስት ኪሎ አወረድህ ማለት ስድስት ሊትር ውሃ ከሰውነትህ አወጣህ ማለት ነው። ያን ያህል ሲጎድል የደምህ መጠን ይቀንሳል፣ ልብህ ያንኑ ሥራ ለመሥራት እየተጣደፈ ይመታል፣ ኩላሊትህ ይጎዳል፣ ላቡ ሲነጥፍም ሰውነትህ ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ቻይናዊው ያንግ ጂያን ቢንግ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ማኒላ ላይ ለመጋጠም ክብደት ሲቀንስ ነው በ21 ዓመቱ የሞተው። ግጥሚያውን ያዘጋጀው የእስያ ድርጅት፣ ዋን ቻምፒዮንሺፕ፣ ከዚያ በኋላ ውሃ እያሟጠጡ ሚዛን መግባትን ከልክሎ የተፋላሚዎችን ሽንት መመርመር ጀመረ።

እኔም በቡጢ ዘመኔ አድርጌዋለሁ። ከተማችን ብርዳም ናትና ላቡ እምቢ ሲለኝ፣ ላስቲክ ለብሼ ሁለት ሹራብ ደረብሁበትና የጦሳን ዳገት ሮጥሁ። ማታ ለመትፋት ስሞክር ምራቄ እንደ ክር ከንፈሬ ላይ ተጎተተ፤ በማግስቱ ሚዛን ላይ እንደ ቆምሁ ባቴን ጨመደደኝና ሁለት ሰዎች ደግፈው አወረዱኝ። ሚዛኑን አለፍሁ፤ በሁለተኛው ዙር ግን እጄን ማንሳት አቅቶኝ ተሸነፍሁ። የቀላል ክብደት ጣሪያ 70.3 ኪሎ፣ ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው የዌልተርዌት ክፍል ደግሞ 77.1 ኪሎ ነው፤ አንተ በዌልተርዌት ጠግበህ በልተህ መግባት ትችላለህ።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ከሚዛን በኋላ ግሉኮስ ብንሰካስ?

መልስ፦ አይፈቀድም። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ሕግ፣ ለሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ በቀር፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድን ይከለክላል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ክፍያው ስንት ነው?

መልስ፦ እንደ ውሉ ነው። በብዙ ውሎች ግማሹ ለመጋጠም፣ ግማሹ ለማሸነፍ ይከፈላል፤ ከዚያ ላይ አሠልጣኝ፣ ማናጀርና ግብር ድርሻቸውን ያነሳሉ። ወርኃዊ ደመወዝ አትጠብቅ።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ በረመዳን ልምምድ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ ይህ ለወሎ ልጅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ አድርገው፤ ቀን ላይ ቴክኒክ ብቻ ሥራ፤ ውሃውን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ከፋፍለህ ጠጣ። በጾሙ ወር ሚዛን የሚጠይቅ ውል አትፈርም። ዐቢይ ጾምን የምትጾሙ ልጆችም ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ አታጓድሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይታችሁ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) አትግቡ፤ የተዳከመ ሰው ራሱን ከምት መከላከል አይችልም።

አስተያየት (ከደሴ)፦ ቴኳንዶ የሠራ ሰው በርቀት ስለሚጫወት ይህ ሁሉ ክብደት አያስፈልገውም።

አስተያየት (ከሐይቅ)፦ ወንድሜ፣ ትግል (ሬስሊንግ) የሚችል ሰው አንዴ እግርህን ከያዘው ቴኳንዶህ እዚያው ያበቃል።

አስተያየት (ከደሴ)፦ አዴሳንያን ረሳኸው?

መልስ፦ እባካችሁ፣ ይህ ክርክር በየጊዜው ይነሳል። እስራኤል አዴሳንያ ከኪክቦክሲንግ፣ ካማሩ ኡስማን ከትግል መጥተው እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለቱም የዩኤፍሲን (የትልቁን የቅይጥ ማርሻል አርት ድርጅት) የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወስደዋል። የመጣህበት ስፖርት መነሻህ ብቻ ነው፤ ሌላውን ተማር። ርቀት መጠበቅም እግር ይፈልጋል፤ ውሃ የጎደለው እግር ደግሞ አይታዘዝም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እንዴት ፕሮፌሽናል ልሁን?

መልስ፦ ዕድሜህን፣ ክብደትህንና የሠራህበትን ዓመት ሳትነግረኝ ምን ልበልህ? ከድህነት ይወጣል ወይ ማለትህ ከሆነ፣ ፍራንሲስ ንጋኑ በካሜሩን በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ፓሪስ ሲደርስ ማደሪያ አልነበረውም፤ በ2021 የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። አብሽር፤ ግን ጥያቄህን አስተካክለህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ጋሼ፣ ከነገ ወዲያ ግጥሚያ አለኝ። አራት ኪሎ በላብ ላውርድ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አላነበብህም። ላብ ስብ አይደለም፤ ላስቲክም አትልበስ። ዛሬ እንደ ወትሮህ ብላ፣ ውሃህንም ጠጣ። ለቀጣዩ ግጥሚያ ለሦስት ሳምንት በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት ተመዝነህ ቁጥሩን በደብተር ጻፍና አምጣልኝ፤ ክፍልህን አብረን እንመርጣለን። ከነገ ወዲያ ያለውን ግን ተወው፤ የአዘጋጁን ስልክ ላክልኝና እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።