አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ በሚሽከረከር ማሽን ዙሪያ ስጋትን መገምገም

ጥያቄ፦ ዎርክሾፓችን ውስጥ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን)፣ ሁለት የቁም ትራፓኖ (መብሻ)፣ አንድ ኮንቬየር (ዕቃ ማጓጓዣ)ና በቺንጊያ (በሞተር ቀበቶ) የሚነዱ ፓምፖች አሉ። የአደጋ ስጋት ግምገማ እንድሠራ ታዝዣለሁ። ቅጹ ለእያንዳንዱ ማሽን የጉዳቱን ክብደትና አደጋው የመድረስ ዕድሉን ከ1 እስከ 5 በቁጥር እንድሞላ ይጠይቃል። ማሽኖቹ ለዓመታት አደጋ ስላላደረሱ ለአብዛኞቹ ዕድሉን 1 ሰጠሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይመስለንም። እስካሁን አለመድረሱ ዕድለኛ ከመሆን ያለፈ ነገር ላያሳይ ይችላል። ዕድሉን ለመገመት የሚረዳው እጅ ወደሚዞረው ክፍል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠጋ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሰውየው ቢሳሳት ደግሞ የማምለጫ ጊዜ እንዳለው ማየት ነው።

የማምለጫውን ጊዜ አስልተው ይዩት። 50 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ሻፍት (የሚዞር ዘንግ) በደቂቃ 1,400 ጊዜ ሲዞር፣ ላዩ በሰከንድ 3.7 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰው ልብሱ እንደተያዘ አውቆ እጁን ለመሳብ ሩብ ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል። በዚያች ሩብ ሰከንድ ሻፍቱ 6 ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጨርቅ ጠቅልሏል። ይህ አንድ ሙሉ እጅጌ ነው፤ ክንዱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ሠራተኛው ይጠንቀቅ» ብሎ መጻፍ ምንም አይከላከልም። ሻፍቱ ለስላሳ ነው ብለውም አይዘናጉ፤ የላላ ክር፣ ፀጉርና ዘይት የነካው ጨርቅ በለስላሳ ብረትም ላይ ይጠመጠማሉ። ቶርኖና ትራፓኖ ላይ ጓንት የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ጓንቱ ሲያዝ ጣት ይዞ ይገባል።

ቅጹን በማሽን ሳይሆን በሥራ ከፋፍለው ይሙሉት። ቶርኖ ላይ የሚቆረጠውን ብረት ማሰር አንድ ነው፤ መቁረጥ፣ መለካት፣ ፍቅፋቂ መጥረግ፣ ቺንጊያ መቀየር እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይገመገማሉ። ሲቆርጥ ብቻ ያዩት ማሽን ደህና ሊመስልዎት ይችላል። ሽፋኑ ተነሥቶ የተጣበቀ ነገር ሲለቀቅ ግን ሌላ ማሽን ነው፤ ስለዚህ የጽዳትና የጥገና ሠራተኞችን ሥራቸው ላይ ሆነው ይጠይቋቸው።

ከዚያ የሚነክሱትን ቦታዎች በጣትዎ እያመለከቱ ይመዝግቡ፤ ማሽኑ ቆሞ። ቺንጊያው ፑሌው (የሚያዞረው ጎማ) ላይ የሚወጣበት ጎን፣ ካቴናው (ሰንሰለቱ) ጥርሱን የሚይዝበት፣ ሁለት ሩሎዎች (ተንከባላዮች) ወደ ውስጥ የሚዞሩበት ክፍተት ሁሉ ይስባሉ። ማሽኑ ወደ ኋላም የሚዞር ከሆነ ሁለቱም ጎን ይነክሳል፤ ብዙ ሽፋን ግን አንዱን ጎን ብቻ ይዞ ይሠራል። በኮንቬየር ላይ የጭራውን ሩሎና ከሥር ያሉትን መመለሻ ሩሎዎች አይርሱ፤ ጭቃና ፍርፋሪ የሚጠረገው እዚያ ነውና።

የጉዳቱን ክብደት ሲሞሉ ሊሆን የሚችለውን ከባዱን ይጻፉ። ክንድ ሊቆርጥ የሚችል ቦታ ዕድሉ ትንሽ ነው ተብሎ ብቻ የክብደቱና የዕድሉ ቁጥሮች ሲባዙ ወደ «ዝቅተኛ» ረድፍ ሲወርድ ካዩ፣ ችግሩ የቅጹ ነው፤ ቦታው ይከለል።

ጥያቄ፦ ለቺንጊያዎቹ ከሽቦ ወንፊት ሽፋን ልንሠራ ነው። ቀዳዳው ምን ያህል ይሁን?

መልስ፦ የቀዳዳው ስፋት ከአደገኛው ክፍል ርቀት ጋር ተያይዞ ነው የሚወሰነው። አይ ኤስ ኦ 13857 የተባለው ዓለም አቀፍ የማሽን ደኅንነት ደረጃ እንዲህ ያስቀምጠዋል፦ የአራት ማዕዘን ቀዳዳው ጎን ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወንፊቱ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ከ10 እስከ 12 ከሆነ 80፤ ከ12 እስከ 20 ከሆነ 120 ሚሊ ሜትር። ረጅም ስንጥቅ የባሰ ነው። ስፋቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ስንጥቅ ክንድ ስለሚያስገባ 850 ሚሊ ሜትር ርቀት ይጠይቃል። ርቀቱን ሲለኩ ወንፊቱን በእጅ ገፋ ያድርጉት፤ የሚለጠጥ ከሆነ ከተለጠጠበት ይለኩ።

ሽፋኑ በብሎን ይታሰር፤ ያለ መፍቻ የሚነሳ አይሁን። ብሎኖቹ ከተፈቱም በኋላ ሽፋኑ ቦታው ላይ ቆሞ የሚቀር ከሆነ የታሰረ መስሎ ያታልላል። የኩሽኔታውን (ሻፍቱን ይዞ የሚያዞረውን ክፍል) ግራሶ መቀቢያ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ያውጡት፤ ለግራሶ ተብሎ በየሳምንቱ የሚፈታ ሽፋን ውሎ አድሮ ጥግ ላይ ተደግፎ ይቀራል።

በየቀኑ መከፈት ያለበት ቦታ ከሆነ፣ ሲከፈት ሞተሩን የሚያጠፋ በር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ግን ማሽኑ ለመቆም የሚወስድበትን ጊዜ በእጅ ሰዓት ይለኩ። ኃይል ከተቋረጠ በኋላ 3 ሰከንድ የሚዞር ከሆነ፣ በሰከንድ 1.6 ሜትር የሚራመድ ሰው እስከዚያ 4.8 ሜትር ይደርሳል። በሩ ማሽኑ እስኪቆም ድረስ የማይከፈት መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ኮንቬየሩ ሲታፈን ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ተጭነን እናጸዳለን። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ቀዩ ቁልፍ መቆጣጠሪያውን እንጂ ኤሌክትሪኩን ከምንጩ ላይቆርጥ ይችላል፤ ሌላ ሰውም ነቅሎ ሊያስነሳው ይችላል። ዋናውን ማጥፊያ ያጥፉ፤ እጁን የሚያስገባው እያንዳንዱ ሰው የራሱን የጋን ቁልፍ ይቆልፍ፣ መክፈቻውንም በኪሱ ይያዝ። ሙሉ በሙሉ መቆሙን በዓይን ይዩ። ከዚያ ቀዩ ቁልፍ ተጭኖ ከሆነ ይልቀቁትና የማስነሻውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ካልተነሳ በትክክል ተቋርጧል፣ ማብሪያውንም ወደ ማጥፊያው ይመልሱ። ዳገት ላይ ያለ ኮንቬየር ግን ኤሌክትሪክ ባይኖረውም በጭነቱ ክብደት ወደ ኋላ ሊሮጥ ስለሚችል፣ እጅ ከመግባቱ በፊት ቺንጊያው ይታሰር ወይም ጭነቱ ይውረድ።